«ስንት ከብት አለዎት?» ተብሎ አይጀመርም

ሜጋ ውስጥ ካሜራ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ የምታገኟት ይህች የድሬ ወረዳ ከተማ ውስጥ፣ ካሜራ ያለው ስልክ ያልያዘ ወጣት ለማግኘት መፈለግ አለባችሁ። ብርቁ ነገር ሌላ ነው፤ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ በወጉ የሚጠይቅና የተመለሰለትን በወጉ የሚሰማ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። የእንጀራዬ ግማሽ ግን የሚመጣው ከቪዲዮ ነው፤ ለንግድ ቤቶች፣ ለማኅበራት፣ ለስብሰባና ለምረቃ ፕሮግራሞች ቃለ መጠይቅ እቀርጻለሁ። ሜጋም የወሰደኝ ይኼው ሥራ ነው። አንድ የሴቶች የቁጠባና ብድር ማኅበር የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ፈለገ። ቪዲዮው አዲስ አበባ ውስጥ ለብድር የሚሆን ገንዘብ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ሊታይ ነው። ማለትም ሴቶቹ ራሳቸው በሌሉበት ክፍል ውስጥ ስለ እነሱ የሚናገረው ያ አራት ደቂቃ ብቻ ነው። «ስልክ አለኝ፣ እኔስ ይኼን ሥራ ልጀምረው ይሆን?» ለምትሉ፣ ከዚያ ጉዞ የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ከጥያቄው በፊት ሰላምታው

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጠያቂ፣ በተለይ እንደኔ ቁጥር የሚወድ ከሆነ፣ አርብቶ አደር ፊት ሲቀመጥ አፉ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይታወቃል፦ «ስንት ከብት አለዎት?» በቦረና ይኼ ደስ የሚያሰኝ ጥያቄ አይደለም። ከብትን ቆጥሮ ለእንግዳ መናገር የተለመደ አይደለም። ወደ ከተማ ብናመጣው፣ የማታውቁት ሰው ካሜራ ደቅኖ «ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለህ?» እንደሚላችሁ ቁጠሩት።

ነገሩ ደግሞ ቁስል አለበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈው ቦረና ከብቱን አጥቷል። በዚያ ሰሞን አብዛኞቻችን ቦረናን ያየነው በወደቀ ከብት ምስል ነው። ከዚያ በኋላ «ስንት ነበረዎት? ስንት ቀረዎት?» ብሎ መጀመር ማለት፣ ሰውየውን ገና ከመነሻው ዝም ማሰኘት ነው።

አብሮኝ የሠራው የሜጋ ልጅ ይኼን ቀድሞ ነግሮኛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ካሜራው ከቦርሳው አልወጣም። ሰላምታው ብቻውን ጊዜ ይፈጃል፤ የሰው ሰላም ይጠየቃል፣ የከብት ሰላም ይጠየቃል፣ የዝናብ ነገር ይጠየቃል። እሱ ካለቀ በኋላ ለሊቀመንበሯ የቀረበው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ዝናቡ ሲጠፋ ማኅበሩ ምን አደረገ?»

እሷ ስለ ብድር ከማውራቷ በፊት ስለ ቡሳ ጎኖፋ ጀመረች። ከብቱ ያለቀበትን ቤተሰብ ጎሳው አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት የቆየ የቦረና ሥርዓት ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲጎዳ አዋጪው ራሱ ተረጂ ሆነ። የማኅበሩ ቁጠባ ትንሽም ብትሆን የጠቀመችው ያኔ እንደሆነ አስረዳች፤ ከከብት ውጭ የተቀመጠ ገንዘብ ስለነበረ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «ስጋትን መበተን» እያልን የተማርነውን ሴትዮዋ በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው። «ስንት?» ተብላ ቢሆን ኖሮ ይኼ ንግግር አይገኝም ነበር።

ግሱ መጨረሻ ላይ ነው

ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በአፋን ኦሮሞ ነው። «በአማርኛ ብትናገር አይቀልም?» የሚል ደንበኛ ያጋጥማችኋል። ለኤዲተሩ ይቀል ይሆናል፤ ተናጋሪዋ ግን በሁለተኛ ቋንቋዋ ስትናገር ትጠነቀቃለች፣ ታሳጥራለች፣ ቀልዷን ትተዋለች። የከፈለው ሰው የሚያገኘው የግማሽ ሰው ንግግር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሲቆረጥ ነው። አፋን ኦሮሞም እንደ አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ቋንቋውን የማይሰማ ኤዲተር ሰውየው ለትንፋሽ ቆም ሲል ይቆርጣል። እስቲ በአማርኛ ሞክሩት፦ «ብድሩን በስድስት ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ...» ላይ ቢቆረጥ፣ ከፈለ ወይስ አልከፈለም? አንዲት ግስ የማኅበሩን ስም ታነሳለች ወይም ትጥላለች። ስለዚህ ኤዲቲንግ ሲሠራ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገብ መቀመጥ አለበት። ተርጓሚ በኋላ ይጨመራል የሚባል ጌጥ አይደለም፤ ከበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የጄምስ ብሉና የዴቪድ ማክዱጋል «ኬንያ ቦራን» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ከድንበሩ ማዶ፣ ማርሳቢት አካባቢ ያሉ ቦረናዎች አባትና ልጅ ሆነው ስለ ከብትና ስለ ትምህርት ሲጨዋወቱ የሚያሳየው በራሳቸው ቋንቋ፣ ከታች በተጻፈ ትርጉም ነው። ከ50 ዓመት በፊት በፊልም ካሜራ የተቻለ ነገር፣ ዛሬ በስልክ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ምስል ይታለፋል፣ ድምፅ ግን አይታለፍም

ትንሽ የደበዘዘ ምስል ተመልካች ይታገሳል። የማይሰማ ድምፅን ግን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ጣቱን አንሸራቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚገዛው ሌንስ አይደለም፤ ደረት ላይ የምትሰካ ማይክና ንፋስ የምትከላከል ፀጉራም ልባሷ ናት። ቆላው አካባቢ ንፋሱ አይቀልድም። ሲቀረጽ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። የጎረቤት ጄኔሬተር ካለ ቦታ ቀይሩ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ 30 ሰከንድ ያህል ቅረጹ፤ ንግግሩ የተቆራረጠበትን ቦታ የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው።

ፕሮግራም ላይ ከሆነ፣ ምረቃም ይሁን ባዛር፣ ሰውን ሞንታርቦ ፊት አቁማችሁ አትጠይቁ። ሃምሳ እርምጃ ራቅ አድርጉት። መድረክ ላይ ለሚደረግ ንግግር ደግሞ የሳውንድ ሲስተሙን ባለሙያ ቀድማችሁ ተዋወቁና ድምፁን በቀጥታ ከሚክሰሩ ውሰዱ።

ብርሃን ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፤ ከግራር ወይም ከበረንዳ ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ ፊቱን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሩት። ነጭ ግድግዳ ከጀርባ ካለ ስልኩ ፊትን ያጠቁረዋል፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ጫን አድርጋችሁ ብርሃኑን ቆልፉት። ቤት ውስጥ መብራቱ በቪዲዮው ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ስልኩ አልተበላሸም። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ስልክ ግን በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ወደ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን ወደ 1/50 ስትቀይሩት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል።

አራት ደቂቃ ስንት ቀን ነው?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ደንበኛ የሚያየው አራት ደቂቃ ነው። እናንተ ግን ቁጠሩ፦ ለዝግጅት አንድ ቀን፣ ለቀረጻ ሁለት፣ ለመንገድ ሁለት፣ ለትርጉም አንድ፣ ለኤዲቲንግ ሦስት። ዘጠኝ ቀን። ዋጋ የሚወጣው በደቂቃ ሳይሆን በቀን ነው።

ሁለተኛው ስሌት የዕቃው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ከመሆኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ብር አለፈ። ስለዚህ ካሜራችሁን ወይም ስልካችሁን ስታስሉ በገዛችሁበት ዋጋ አይሁን፤ ነገ ቢሰበር በምትተኩበት ዋጋ ይሁን። በድሮ ዋጋ እያሰላ የሚሠራ ልጅ ትርፍ አገኘሁ ብሎ የሚበላው የራሱን ካሜራ ነው።

ከሥራው በፊት አጭር ውል ጻፉ፦ ቪዲዮው ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚደረግ፣ ግማሹ ክፍያ መቼ እንደሚገባ፣ የት የት እንደሚለጠፍ። የተናጋሪውንም ፈቃድ «ፌስቡክ ላይ ይወጣል» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። እንዳለቀ ለእሱ ቀድማችሁ አሳዩት። ደግሞ ፋይል ስትልኩ በቴሌግራም «ቪዲዮ» ብላችሁ ከላካችሁ ጥራቱ ይወርዳል፤ «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፣ እስከ 2 ጊጋ ባይት ይወስዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዋጋችሁን የሚወስነው በገበያው ላይ ምን እንደጠፋ ነው። ከአዲስ አበባ ባለሙያ ሲመጣ የመኪና፣ የነዳጅ፣ የአልጋና የአበል ወጪ ይዞ ይመጣል፤ ያም ሆኖ ሰላምታው ላይ ረዳት ያስፈልገዋል። ሜጋ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ ወይም ነገሌ ያለ ልጅ ቋንቋው አለው፣ ወጉን ያውቃል፣ የትኛው ጥያቄ ቤት እንደሚያዘጋ ያውቃል። የጎደለው ማይክና ልምምድ ነው፤ ሁለቱም ይገኛሉ። ስለዚህ «አስተርጓሚ ሁንልን» ተብላችሁ በቀን አበል ስትጠሩ፣ «ቃለ መጠይቁን ራሴ ልሥራው» ብላችሁ ዋጋ አቅርቡ። ሜጋ ላይ አብሮኝ የሠራው ልጅ አሁን የሚያደርገው ይኼንኑ ነው።

ለመጀመር ደንበኛ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሰፈራችሁ ያለ አንድ ባለ ሱቅ ዘንድ ሂዱ። ሻይ ጠጡ፣ ሰላም ተባባሉ፣ «ይኼን ሱቅ ሊያዘጋዎት የነበረው ቀን የቱ ነው? እንዴት አለፉት?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አሥር ደቂቃ ቅረጹ፣ ወደ ሁለት ደቂቃ ቁረጡት፣ ለራሱ አሳዩት። «አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት» ካለ ሥራውን ጀምራችኋል።