ዕቁቡ ብሬሱን ያስጀምራል፤ ያስጨርሳል ወይ?

 

ሰሞኑን በኢንቦክስ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪዋ ወላይታ ዞን ቢጠና ከተማ የምትኖር የ31 ዓመት መምህርት ናት። ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃ፣ ጥያቄዋን ግን ሌላውም ሰው እንዲጠቀምበት እዚህ እንድመልሰው ፈቅዳልኛለች። እንዲህ ትላለች፦

«ዶክተር፣ የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ተደራርበዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ ነው የምሸፍነው። አሁን የዕቁብ እጣ ወጣልኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ክሊኒክ በስልክ የነገረኝ የብሬስ ዋጋና የዕቁቡ ብር እኩል ነው። ዕድሜዬ አልፏል እንዴ? ብሩስ ይበቃኛል?»

እህቴ፣ ዕድሜሽ አላለፈም። ብሩ ግን የሚበቃው ለመጀመር ነው፤ ለመጨረስ አይበቃም። ብሬስ ጀምሮ መሃል ላይ ማቆም ደግሞ ጭራሽ ካለመጀመር የባሰ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ ነገሩን ዘርዘር አድርገን የምናየው።

✅ በ30 እና በ40 ዓመት ጥርስ ይንቀሳቀሳል?

አዎ፣ ይንቀሳቀሳል። ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ስስ የሆነ የጅማት ሽፋን አለ። ሽቦው ጥርሱን ቀስ እያደረገ ሲገፋ፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ይሄዳል፤ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይሄ ሂደት በዕድሜ ቢዘገይም አይቆምም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የልጅ መንጋጋ ገና እያደገ ስለሆነ እድገቱን መምራት ይቻላል። የአዋቂ መንጋጋ ግን እድገቱን ጨርሷል። ችግሩ የጥርሶቹ መደራረብ ብቻ ከሆነ ብሬስ ይበቃል። መንጋጋው ራሱ በጣም ወደ ፊት ወጥቶ ወይም ወደ ኋላ ቀርቶ ከሆነ ግን ሽቦ ብቻውን አያስተካክለውም፤ ቀዶ ሕክምና ሊጨመርበት ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነት ድድ ነው። ብዙ አዋቂ ሰው ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ ይደማል፤ «ለምዶብኝ ነው» ብሎም ያልፈዋል። የታመመ ድድ ላይ ብሬስ ማሰር መሠረቱ የላላ ቤት ላይ ፎቅ እንደመጨመር ነው። ጥርሱ ይንቀሳቀሳል፣ ግን የሚይዘው አጥንት እየሳሳ ይሄድና ጥርሱ እስከመነቃነቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለአዋቂ የመጀመሪያው ወጪ የድድ ሕክምና ነው፤ ብሬሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

✅ «የብሬስ ዋጋ» የሚባለው ምኑ ነው?

በስልክ የሚነገራችሁ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የማሰሪያው ዋጋ ነው። ሙሉው ሕክምና ግን አምስት ደረጃ አለው፦

1. ከማሰሩ በፊት፦ ምርመራ፣ የሙሉ አፍ ራጅ፣ የጎን ራጅ፣ የጥርስ ቅጂ መውሰድ፣ እጥበት፣ የተበላ ጥርስ መሙላት። ቦታ ከጠበበም ጥርስ መንቀል።
2. ማሰሩ፦ በየጥርሱ ላይ የሚለጠፉት ብራኬቶችና ሽቦው።
3. ክትትሉ፦ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ሽቦውን መቀየርና ማስተካከል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ከባድ ከሆነ ይረዝማል።
4. ጥገናው፦ ብራኬት ሲወልቅ፣ ሽቦ ሲወጋ።
5. ሪቴይነር፦ ብሬሱ ከተፈታ በኋላ ጥርሱ ወደ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዘው።

አምስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጥርስ የድሮ ቦታውን አይረሳም። ሪቴይነር ያላደረገ ሰው የሁለት ዓመት ድካሙና ገንዘቡ ቀስ በቀስ ሲመለስበት ያያል። ስንት ዓመት ይደረጋል ካላችሁ፣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለጋችሁ ድረስ ማታ ማታ ይደረጋል። ሲሰበር ወይም ሲጠፋ በሌላ ይተካል፤ ይሄም ወጪ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ርካሹ የብረቱ ነው። የጥርስ ቀለም ያለው ሴራሚክ ከሱ ይወደዳል። እየወለቀ የሚገባው ግልጽ አላይነር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ይበልጣል። ውድ ስለሆነ የተሻለ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ለተደራረበ ጥርስ ተራው የብረት ብሬስ ዛሬም በጣም ጥሩ ሥራ ይሠራል።

ዋጋው ለምን እንዲህ ወጣ ለምትሉ፦ ብራኬቱም፣ ሽቦውም፣ ማጣበቂያውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ከዚያ በፊት የከፈለችውን ይዛችሁ በጀት አታውጡ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለኝ ብላችሁም አትተማመኑ። ለውበት የሚደረግ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሽፋኑ ውጪ ናቸው። ብሬስን ከኪሳችሁ እንደምትከፍሉ አድርጋችሁ አቅዱ።

✅ ከቢጠና ሲቆጠር

እዚህ ጋ ነው ትልቁ ሒሳብ ያለው። ጥርስ ማጠብ፣ መሙላትና መንቀል ሶዶ ላይ ይገኛል። በጥርስ ማስተካከል ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞች (ኦርቶዶንቲስቶች) ግን በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ሁለት ዓመት 104 ሳምንት ነው። ቀጠሮው በየ5 ሳምንቱ ከሆነ 21 ገደማ ጉዞ ማለት ነው። አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ቀን ለሕክምና፣ አንድ ቀን ለመመለስ ብንል 63 ቀን። ለአንዲት መምህርት 63 ቀን ከክፍል መቅረት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ወደ ብር እንለውጠው። ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ ለአንድ ጉዞ 5,000 ብር ነው እንበል። ቁጥሩ ለስሌት ብቻ የወሰድኩት ነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት። 21 ጉዞ 105,000 ብር ይሆናል። ይሄ ብር ክሊኒኩ በነገራት ዋጋ ውስጥ የለም። የዕቁቡ ብርም አልቆጠረውም።

ደስ የሚለው፣ ሒሳቡን ማሳነስ ይቻላል። ዛሬ ያሉት የኒኬል ታይታኒየም ሽቦዎች ቅርጻቸውን አስታውሰው ለረጅም ጊዜ በቀስታ የሚገፉ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ አንዳንዱ ቀጠሮ እስከ 8 ሳምንት ሊራዘም ይችላል። ሁሉም በ8 ሳምንት ቢሆን 21ዱ ጉዞ 13 ይሆናል። በዚያው ስሌት 40,000 ብርና 24 ቀን ተረፈ ማለት ነው። «የምመጣው ከሩቅ ነው፤ ቀጠሮዬን ማራራቅ ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በራሳችሁ ፈቃድ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው። ክትትል ያጣ ሽቦ ጥርሱን ወዳልተፈለገ ቦታ ሊወስደው ይችላል።

አዲስ አበባ ወይም ሌላ ትልቅ ከተማ ለሁለት ሦስት ዓመት የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ፣ የሚቻላችሁ ከሆነ ያኔ አስጨርሱት። የጉዞው ወጪ በሙሉ ይቀርላችኋል።

✅ ውሃውስ?

የወላይታ ዝቅተኛ ቦታዎች የስምጥ ሸለቆ አካል ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ቀለም ሊይዝ ይችላል።

ይሄን ለምን አነሳሁት? አንደኛ፣ ብሬስ ቀለም አይቀይርም። ቅር የሚላችሁ ቀለሙ ከሆነ ብራችሁን ብሬስ ላይ አታውሉት፤ መፍትሔው ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ በፍሎራይድ የተጎዳ ጥርስ ላይ ብራኬት ቶሎ ሊለቅ ይችላል። ብራኬት በወለቀ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ጉዞ ነው። ስለዚህ ያደጋችሁበትን አካባቢ ለሐኪሙ ንገሩት። እሱም ከመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ይለጥፈዋል።

ብራኬት የሚያስወልቀው ደግሞ በዋናነት ምግብ ነው። ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ የበቆሎ እሸት በጥርስ መጋጥና ማስቲካ ይቅሩ። ቁርጥ በዳጣ ለምትወዱ አላስቀይማችሁም፤ በትንንሹ ተቆርጦ በኋላ ጥርስ ይታኘክ። ጎደሬና ቦዬ ግን እንኳን ለጥርስ ለሽቦም ይመቻሉ።

✅ መሃል ላይ ሲቆም

ገንዘብ አልቆበት ሽቦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ የቀረ ሰው ጥርሶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። ጥርስ ተነቅሎለት ከሆነ ክፍተቱ ሳይዘጋ ቀርቷል። በሽቦው ዙሪያ ምግብ እየተሰበሰበ ጥርሱ መበላት ይጀምራል። ለማስፈታትም ገንዘብ ያስፈልጋል።

ችግሩ ሁልጊዜ ከታካሚው ብቻ አይመጣም። ስማይልዳይሬክትክለብ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አላይነር በፖስታ እየላከ በርካሽ ጥርስ አስተካክላለሁ ይል ነበር። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ፣ በታኅሣሥ ተዘጋ። ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞች ሜዳ ላይ ቀሩ፤ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የተባለውም አብሮ ቀረ። በየወሩ የሚከፍሉት ግን ክፍያችሁን ቀጥሉ ተባሉ። ከውጭ ዘመድ «እልክልሻለሁ» የሚላችሁ ካለ ይሄን አስታውሱ። አፋችሁን በአካል አይቶ የሚከታተል ሐኪም የሌለበት ብሬስ ርካሽ አይደለም።

ቲክቶክ ላይ የምታዩት የፊት ጥርስን በላስቲክ አስሮ ክፍተት መዝጋት ደግሞ ጭራሽ እንዳይሞከር! ላስቲኩ ወደ ድድ ውስጥ እየተንሸራተተ ሥሩን ይዞ ይወጣል። እንዲህ ጤነኛ ጥርሳቸውን ያጡ ሰዎች አሉ።

✅ ግን ያስፈልገኛል?

እኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው፤ ስንት ተዘፍኖለታል። ድርብ ጥርስ የሚያምርበትም ሰው አለ። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት «ያስቸገረኝ ምንድን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ማኘክ ካስቸገራችሁ፣ የታችኛው ጥርስ የላይኛውን ላንቃ የሚወጋችሁ ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ከመደራረቡ የተነሳ ብሩሽ አልገባ ብሎ እየተበላ ከሆነ የጤና ጉዳይ ነው። ሲስቁ አፍን በእጅ መሸፈንም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው በሳቁ ማፈር የለበትም። ለትንሽ ክፍተት ወይም ለአንድ ጠማማ ጥርስ ግን በመሙያ ቅርጽ ማስተካከል ወይም አጭር ሕክምና ሊበቃ ይችላል። ይሄን አማራጭ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሕፃኑን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያዘው ተብሎ ከድዱ ውስጥ ያልበቀለ ጥርስ የሚነቀልበት ልማድ በብዙ የአገራችን ክፍሎች አለ። ሕመሙን አያድንም፤ ሥር የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስ ግን ይጎዳል። ልጁ ሲያድግ የጥርስ አሰላለፉ ሊበላሽ ይችላል።

✅ ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠየቁ

👉 ሙሉ ዋጋው ስንት ነው? ክትትሉ፣ ጥገናውና ሪቴይነሩ ተካቷል? በጽሑፍ ይሰጠኛል?
👉 የሚያክመኝ ኦርቶዶንቲስት ነው? ፈቃዱን ማየት እችላለሁ?
👉 ድዴና የተበላ ጥርሴ መጀመሪያ ይታከማል?
👉 ስንት ወር ይፈጃል? ስንት ቀጠሮ?
👉 ክፍያው በየወሩ ይከፋፈላል? በመሃል ዋጋ ቢጨምር የኔ ይጨምራል?
👉 ሥራ ብቀየር ወይም ክሊኒኩ ቢዘጋ ራጄና የሕክምና መረጃዬ ይሰጠኛል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ከዓረብ አገር ወይም ከሌላ አገር ብሬስ ታስረው የሚመጡ እህቶቻችን በተለይ ይያዙት። ያለ መረጃ የመጣን ሰው ከመሃል መቀበል ለማንኛውም ሐኪም ከባድ ነው። ብዙ ጊዜም እንደገና እንደመጀመር ይሆናል።

ወላይታ ለጊፋታ በሬውንም ቅቤውንም ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅም ኖሯል። በዓሉ ሲደርስ መበደር የለም። ብሬስም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ዕቁብ ማሰሪያውን ይክፈል፤ ሁለተኛው ለጉዞው፣ ለጥገናውና ለሪቴይነሩ ይቀመጥ። ሁለተኛው ሳይኖር የመጀመሪያውን አታውጡ።

መምህርቷ ይሄን ከነገርኳት ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ጻፈችልኝ። ሶዶ ሄዳ ስትመረመር ድዷ ታሟል፤ ሁለት የተበሉ ጥርሶችም ነበሯት። ታጥባ ተሞልታላታለች። ከዕቁቡ ብር የወጣው ትንሽ ነው። ቀሪውን ባንክ አስገብታ ሌላ ዕቁብ ጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ እንዲሆኑ ክረምቱን እየጠበቀች ነው።

«ዶክተር፣ ድዴ መድማቱን አቆመ» ትላለች። «አሁን ቸኩዬ አይደለም፤ ልጨርሰው ነው የምጀምረው።»

ብሬስ ለማሳሰር የሚያስብ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ያላችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ።

መልካም ጤና!