ፔይናይት፦ እውነተኛ ማንነቱ ለ19 ዓመታት ሳይታወቅ የቆየው ብርቅዬ የቦሬት ማዕድን

ስለ ከበሩ ድንጋዮች ሲነሳ አስቀድመው የሚታወሱት አልማዝ፣ ሩቢ፣ ሰንፔርና ኤመራልድ ናቸው። እነዚህ ማዕድናት ዋጋቸው ውድ ቢሆንም በየዓመቱ ከምድር እየወጡ በዓለም ገበያ የሚሸጡ በመሆናቸው ብርቅዬ ሊባሉ አይችሉም። በአንጻሩ ለአሥርተ ዓመታት በመላው ዓለም ከሁለትና ከሦስት ናሙና በላይ ያልተገኘላቸው ማዕድናት አሉ። ከእነዚህም መካከል በደቡብ ምሥራቅ እስያዊቷ አገር ማይንማር የሚገኘው ፔይናይት አንዱ ነው።

ፔይናይት በቦሬት ማዕድናት ምድብ ውስጥ ይመደባል። ይሁን እንጂ ይህ ምድብ የተረጋገጠለት በአንድ ጊዜ ምርመራ አልነበረም። ማዕድኑ ስም ወጥቶለት በሳይንስ መጽሔት ላይ ከታወጀ በኋላ እንኳ ከአካሉ አንድ ሰባተኛ ገደማ የሚሆነው ንጥረ ነገር ለ19 ዓመታት ሳይታወቅ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የማዕድኑን ባሕርያትና አመዳደብ እንዲሁም ከሌሎች ቀይ ድንጋዮች የሚለይበትን መንገድ ያብራራል።

ሞጎክ በማይንማር የማንዳላይ ግዛት የምትገኝ፣ በሩቢና በሰንፔር ማዕድን ለዘመናት የታወቀች ከተማ ናት። እንግሊዛዊው የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴና የማዕድናት አጥኚ አርተር ቻርልስ ዴቪ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ አካባቢ ያልተለመደ ጥቁር ቀይ ክሪስታል አገኙ። መልኩ ሩቢ ይመስል የነበረ ቢሆንም ባሕርያቱ ከሩቢ ጋር ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ክብደቱ 1.7 ግራም የነበረው ይህ ክሪስታል እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ለሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተሰጠ።

በሙዚየሙ የተካሄደው ምርመራ ድንጋዩ ከዚያ ቀደም የማይታወቅ አዲስ ማዕድን መሆኑን አረጋገጠ። ክላሪንግቡል፣ ሄይ እና ፔይን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ውጤቱን ይፋ ሲያደርጉ ለማዕድኑ ፔይናይት የሚል ስም ሰጡት። የስሙ መመሳሰል አንባቢን ሊያሳስት ስለሚችል መታወቅ ያለበት፣ ስያሜው የተሰጠው ክሪስታሉን ላገኙት ለአርተር ፔይን መታሰቢያ እንጂ በጥናቱ ለተሳተፉት ተመራማሪ አለመሆኑ ነው። አንድ ተመራማሪ ባገኘው ማዕድን ላይ የራሱን ስም እንዲያወጣ የሙያው ልማድ አይፈቅድም።

ከዓለም አቀፉ የማዕድናት ጥናት ማኅበር በኩል አዳዲስ ማዕድናትንና ስያሜያቸውን የሚያጸድቅ ኮሚሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ፔይናይት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተገለጸ በመሆኑ፣ ከኮሚሽኑ መቋቋም በፊት እንደታወቁት ሌሎች ማዕድናት ሁሉ ቀደም ሲል ባገኘው ዕውቅና ጸንቶ ቆይቷል።

ሆኖም በ1957 የወጣው የኬሚካል ቀመር ጉድለት ነበረበት። በቀመሩ ውስጥ ዚርኮኒየም የተባለው ብረት አልተካተተም። ጉድለቱ የታረመው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ይህንንም ያደረጉት ፖል ሙር እና ታካሃሩ አራኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ የኤክስሬይ ጨረር በክሪስታሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚበታተንበትን መንገድ በመለካት እያንዳንዱ አቶም የሚገኝበትን ቦታ አሰሉ። በዚህም የማዕድኑ ትክክለኛ ስብጥር አንድ ካልሲየም፣ አንድ ዚርኮኒየም፣ አንድ ቦሮን፣ ዘጠኝ አሉሚኒየምና አሥራ ስምንት ኦክስጅን፣ በድምሩ 30 አቶሞች መሆኑ ታወቀ።

ከዚህ ቀመር ተነስቶ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ድርሻ ማስላት ይቻላል። ከማዕድኑ ክብደት 43 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን፣ 36 በመቶው አሉሚኒየም፣ 13.6 በመቶው ዚርኮኒየም፣ 6 በመቶው ካልሲየም ነው። የቦሮን ድርሻ ግን 1.6 በመቶ ብቻ ነው። ታዲያ ከሠላሳ አቶሞች አንዱ ብቻ ቦሮን የሆነለት ማዕድን ስለምን ቦሬት ተባለ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

የጥያቄው መልስ የሚገኘው ማዕድናት በሚመደቡበት መሠረታዊ ደንብ ውስጥ ነው። ማዕድናት የሚመደቡት በውስጣቸው በብዛት በሚገኘው ብረት አይደለም። ምድቡን የሚወስነው አሉታዊ ሙላት ያለውና የማዕድኑን አሠራር የሚቀርጸው የአቶሞች ስብስብ ነው። ካርቦን ከሦስት ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ የሚገኝባቸው ማዕድናት ካርቦኔት፣ ሲሊከን ከአራት ኦክስጅን ጋር የተያያዘባቸው ደግሞ ሲሊኬት ይባላሉ። በተመሳሳይ ሁኔታ ቦሮን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ የሚገኝባቸው ቦሬት ይባላሉ። አመዳደቡ በዚህ መንገድ የተቀየሰው አንድ ዓይነት ስብስብ ያላቸው ማዕድናት በባሕርይም ሆነ በአፈጣጠር እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ ነው።

ቦሮን ከኦክስጅን ጋር በሁለት መንገድ ይያያዛል። በመጀመሪያው አንድ ቦሮን በሦስት ኦክስጅን ተከቦ ጠፍጣፋ ጎነ ሦስት ይሠራል። በሁለተኛው አንድ ቦሮን በአራት ኦክስጅን ተከቦ አራት ገጽ ያለው ቅርጽ ይይዛል። እነዚህ ቅርጾች ለየብቻቸው ሊቆሙ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሊገናኙ፣ በሰንሰለት ሊቀጣጠሉ ወይም እንደ ምንጣፍ ተዘርግተው ንጣፍ ሊሠሩ ይችላሉ። ከ200 የሚበልጡት የቦሬት ማዕድናት በንዑስ ምድብ የሚከፋፈሉት በዚሁ መሠረት ነው።

በጀርመናዊው የማዕድናት ሊቅ ሁጎ ስትሩንዝ ስም በሚጠራው የአመዳደብ ሥርዓት ቦሬቶች ቀደም ሲል ከካርቦኔቶችና ከናይትሬቶች ጋር በአንድ ክፍል ይመደቡ ነበር። ምክንያቱም ሦስቱም ጎነ ሦስት የሆነ ስብስብ ያላቸው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዘጠነኛው እትም ግን ቦሬቶችን ለይቶ ራሱን የቻለ ስድስተኛ ክፍል አደረጋቸው። በፔይናይት ውስጥ እያንዳንዱ የቦሮን ጎነ ሦስት ከሌላ ቦሮን ጋር ሳይገናኝ ለብቻው ስለሚቆም፣ ማዕድኑ ባለ ነጠላ ቦሮን ቦሬቶች በሚባሉት ውስጥ ይካተታል። ከአሥራ ስምንቱ ኦክስጅኖች ሦስቱ ብቻ ከቦሮኑ ጋር የተያያዙ ሲሆን፣ የቀሩት አሥራ አምስቱ ተጨማሪ ኦክስጅኖች ሆነው ይመዘገባሉ።

የማዕድኑ ውስጣዊ አሠራርም በጥናት ተብራርቷል። አሉሚኒየምና ኦክስጅን ተያይዘው ጠንካራ ማዕቀፍ ይሠራሉ። በማዕቀፉ ውስጥ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብለው የሚያልፉ ሁለት ዓይነት ክፍተቶች ይገኛሉ። በአንደኛው ዓይነት ክፍተት ዚርኮኒየምና ቦሮን፣ በሌላው ካልሲየም ሰፍሯል። የክሪስታሉ ሥርዓት ጎነ ስድስት ነው።

የፔይናይት ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ 8 በመሆኑ ከቶፓዝ ጋር እኩል ሲሆን፣ ሩቢ ግን 9 በመሆኑ ይበልጠዋል። ቀለሙ ከጥቁር ቀይ እስከ ቡናማ ቀይና ብርቱካንማ ቡናማ ይደርሳል። ለቀለሙ ምክንያት የሆኑት በጥቂት መጠን የተቀላቀሉት ቫናዲየምና ክሮሚየም ናቸው። ድንጋዩ በአንድ አቅጣጫ ሲታይ ደማቅ ቀይ፣ አዙረው ሲመለከቱት ደግሞ ወደ ፈዛዛ ብርቱካንማ ቡናማ የሚያደላ መልክ ያሳያል። በአጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት ጨረር ሥር ሲቀመጥም ቀይ ብርሃን ይረጫል።

ፔይናይትን ከሩቢ መለየት ለገዥም ሆነ ለሻጭ ዐቢይ ጉዳይ ነው። ከቀለም በተጨማሪ ሁለቱ በክብደትም ይመሳሰላሉ። ሩቢ ከእኩል መጠን ውሃ 4.00 ጊዜ፣ ፔይናይት 4.01 ጊዜ ስለሚከብዱ፣ ድንጋዩን በውሃ ውስጥ መመዘን ሁለቱን አይለይም። አስተማማኙ ምርመራ የብርሃን ስብራትን መለካት ነው። የሩቢ የብርሃን ስብራት መጠን ከ1.762 እስከ 1.770 ሲሆን፣ የፔይናይት ከ1.787 እስከ 1.816 ይደርሳል። ሁለቱም ድንጋዮች ወደ ውስጣቸው የገባውን ብርሃን ለሁለት ይከፍላሉ። የመክፈያው ስፋት ግን በሩቢ 0.008 ገደማ፣ በፔይናይት 0.029 ነው። ቀዩ ስፒነል በበኩሉ ብርሃንን ለሁለት ስለማይከፍልና ክብደቱም ከውሃ 3.6 ጊዜ ብቻ በመሆኑ ከሁለቱም በቀላሉ ይለያል።

ማዕድንን በመልኩ ብቻ መፈረጅ የሚያስከትለውን ስሕተት የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። ከስሪላንካ ይወጣ የነበረ አንድ ቡናማ ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ፔሪዶት እየተባለ ሲሸጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 በተደረገ ምርመራ ግን ድንጋዩ የማግኒዚየምና የአሉሚኒየም ቦሬት መሆኑ ተረጋግጦ ሲንሃላይት ተብሏል። ይህን ማዕድን ይፋ ያደረጉትም ከአምስት ዓመት በኋላ ፔይናይትን ከሰየሙት መካከል የሚገኙት ክላሪንግቡልና ሄይ ነበሩ።

ፔይናይት ብርቅዬ የሆነበት ዋነኛ ምክንያት ቦሮንና ዚርኮኒየም በተፈጥሮ አብረው እምብዛም የማይገኙ መሆናቸው ነው። ቦሮን በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከቦታ ቦታ ይጓዛል። የቦራክስ ክምችት በደረቁ ጨዋማ ሐይቆች አካባቢ የሚገኘውም ስለዚህ ነው። ዚርኮኒየም በአንጻሩ በውሃ ስለማይሟሟ ከሲሊከን ጋር ተጣምሮ ዚርኮን በተባለው ማዕድን ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በሞጎክ ግን የሕንድ የመሬት ንጣፍ ከእስያ ጋር ተጋጭቶ የኖራ ድንጋዩ በሙቀትና በግፊት ወደ እብነ በረድ ሲለወጥ፣ ከሥር የመጣ የቀለጠ ግራናይት ወደ እብነ በረዱ ዘልቆ ገብቷል። ሁለቱ ዓለቶች በተገናኙበት ጠባብ ሥፍራ ካልሲየም፣ አሉሚኒየም፣ ቦሮንና ዚርኮኒየም በአንድ ላይ ለመገኘት በቅተዋል። በአንዳንድ ናሙናዎች ላይ የሩቢ ክሪስታሎች በፔይናይት ገጽ ላይ በቅለው መታየታቸውም ሁለቱ ማዕድናት በአንድ አካባቢ መፈጠራቸውን ያመለክታል።

እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ድረስ በዓለም ላይ የሚታወቁት የፔይናይት ክሪስታሎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው የተለየው በ1979 ነው። ጊነስ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ፔይናይትን ከከበሩ ድንጋዮች ሁሉ እጅግ ብርቅዬው ብሎ መዝግቦት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በሞጎክ አካባቢ ማዕድኑ የሚገኝባቸው ሥፍራዎች በመታወቃቸው ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ክሪስታሎችና ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ጥቁርና የተሰነጣጠቁ በመሆናቸው ለጌጥ የሚቆረጡት ዛሬም ጥቂት ናቸው። የብርቅዬነቱን ስፍራ አሁን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ2015 ዕውቅና ያገኘው ካውቱአይት ነው። ከዚሁ ከሞጎክ የተገኘው ይህ ማዕድን የሚታወቅለት ናሙና አንድ ብቻ ሲሆን፣ 1.61 ካራት የሚመዝነው ድንጋይ በሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ማዕድኑ የሚወጣበት አካባቢ ሰላም የራቀው መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በማይንማር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተካሄደው ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በተባባሰው ጦርነት፣ የታአንግ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ሠራዊት በ2024 የሞጎክን ከተማ ከመንግሥት ጦር ነጥቆ ተቆጣጥሯት ነበር። የአንድ ማዕድን አፈጣጠር የሚጠናው ከተቆረጠ ድንጋይ ሳይሆን ከበቀለበት ዓለት ጭምር ነው። ድንጋዩ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ሳይመዘገብ ወደ ገበያ ሲወሰድ ዋጋው ባይቀንስም ለሳይንስ የሚሰጠው መረጃ ግን ይጠፋል።

በአጠቃላይ የፔይናይት ታሪክ የሚያስረዳው አንድን ማዕድን ማግኘት፣ ስም ማውጣትና ማንነቱን ማወቅ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ክሪስታሉ ከተገኘ በኋላ አዲስነቱን ለማረጋገጥ ጥቂት ዓመታት በቂ ነበሩ። ትክክለኛ ስብጥሩን ለማወቅ ግን እስከ 1976 መጠበቅ ግድ ሆኗል። ያም ሊሆን የቻለው የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ብርቅነታቸው ታውቆ በሙዚየም በጥንቃቄ በመቀመጣቸው፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም በተሻለ መሣሪያ ዳግም ሊመረምሯቸው በመቻላቸው ነው።