ማርክ እንጂ ክፍለ ጊዜ የሌለው ትምህርት

በተማሪ ሪፖርት ካርድ ላይ ከሒሳብና ከፊዚክስ ውጤት ግርጌ «ጠባይ» የምትል መስመር አለች። ኤ ወይም ቢ ይሞላባታል። ሒሳብ መጽሐፍ፣ መምህርና በሳምንት የታወቀ ክፍለ ጊዜ አለው። ጠባይ ያለው ማርክ ብቻ ነው። ልጁ ንዴቱን እንዴት እንደሚገታ፣ የተቀየመውን ጓደኛ በምን ቃል እንደሚያነጋግር፣ በሰው ፊት ሲያፍር ራሱን እንዴት እንደሚያረጋጋ ከቤቱ ይዞት እንዲመጣ ይጠበቃል። ይዞ ካልመጣ ማርኩ ይቀነሳል።

በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን፣ ከፍ ላሉት ደግሞ የዜግነት ትምህርትን ይዟል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሆኖም ትክክለኛውን ነገር ማወቅና ደም ሲፈላ ትክክለኛውን ማድረግ ለየቅል ናቸው።

ገርጂን እንውሰድ። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሙከራ ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው እዚህ ነው። ዛሬ የኮንዶሚኒየሙ ልጅ፣ የቪላው ልጅና ኪራይ ቤት ያለው ልጅ አንድ የታክሲ ሰልፍ ይቆማሉ፤ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም ይገናኛሉ። እንበልና ማታ ላይ የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተደብቆ የተነሣ ፎቶ በክፍሉ ግሩፕ ተለቀቀ። ሳቁ ሌሊቱን አደረ። ጠዋት በባንዲራ ሰልፍ ላይ ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች፤ በእረፍት ሰዓት አንዱ ለእሷ ብሎ ይማታል። ዩኒት ሊደሩ ሁለቱን ተደባዳቢዎች «ወላጅ ይዛችሁ ኑ» ይላቸዋል። ወላጅ ይመጣል፤ «እስቲ ምከሩልኝ» ይላል፤ ይመከራል። የሳቁት ሠላሳ ልጆች፣ ዝም ያሉት አሥሩና ልጅቷ ግን ከዚህ ሁሉ ምን ተማሩ?

ጥያቄው የአንጎልም ጉዳይ ነው። ጉርምስና ሲጀምር ሽልማትንና የእኩዮችን አስተያየት የሚከታተሉት የአንጎል ክፍሎች ንቃታቸው ይጨምራል። የሚያመዛዝነውና ልጓም የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ታዳጊዎችንና አዋቂዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈተኗቸው። ታዳጊዎቹ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚጫወቱበት ጊዜ ይልቅ አደጋን እጅግ ደፈሩ፤ አዋቂዎቹ ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ቤት ውስጥ ጨዋ የሆነው ልጅ ግሩፑ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው የሚመስለው ስላታለለን አይደለም።

ታዲያ ስሜትን የመግራትና ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታ በትምህርት ይገኛል? ይገኛል። ተመራማሪዎች ዘርፉን በአምስት ይከፍሉታል፦ ስሜትን ለይቶ ማወቅ፣ ስሜትን መግራት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ግንኙነትን መጠበቅና አመዛዝኖ መወሰን። እ.ኤ.አ. በ2011 ጆሴፍ ዱርላክና ባልደረቦቹ 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችንና ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ትንተና አሳተሙ። ጠብና ጭንቀት ቀንሶ አገኙት። የትምህርት ውጤትም ከፍ አለ፤ ጭማሪው ከመቶ ተማሪ 50ኛ የነበረው ወደ 39ኛ ደረጃ ከፍ እንደማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር፣ «ይህ ከጥናት ሰዓት ይሻማል» ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ይህን ቁጥር ልብ ቢለው እወዳለሁ። ውጤት ያመጡት ፕሮግራሞች ግን በቅደም ተከተል የተዘጋጁና ልጆቹን በተግባር ያለማመዱት ናቸው። ኳስ መምታትን ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጦ ተጫዋች የሆነ የለም።

ወደ አሥራዎቹ ዕድሜ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ዬገር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ፣ ለሕፃናት የሠራው አቀራረብ ለታዳጊዎች ሲቀርብ ብዙ ጊዜ እንደሚከሽፍ አስረድቷል። «ስትናደድ እስከ አሥር ቁጠር» የሚል ትምህርት ለ7 ዓመት ልጅ እርዳታ ነው፤ የ15 ዓመቱ ግን «አሁንም እንደ ሕፃን ያዩኛል» ብሎ ይሰማዋል። በብሪታንያ 85 ትምህርት ቤቶችና ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት፣ አእምሮን በማረጋጋት ልምምድ ላይ የተመሠረተ ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ ከተለመደው ትምህርት ብልጫ አላሳየም። ብዙዎቹ ልጆች ልምምዱን ቤታቸው አልሠሩትም።

ታዳጊ አጥብቆ የሚሻው መከበርን ነው። ዬገርና ክሪስቶፈር ብራያን በቴክሳስ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። «ጤናማ ምግብ ይጠቅማችኋል» በማለት ፈንታ፣ የምግብ ኩባንያዎች ልጆችን ለማማለል ምርቶቻቸውን እንዴት እንደሚቀምሙና እንደሚያስተዋውቁ ነገሯቸው። በማግሥቱ ልጆቹ የተሻለውን መክሰስ መረጡ። እምቢተኝነታቸው ራሱ የራስ መግዣ ኃይል ሆነ። የእኛም ልጆች ቲክቶክ ዓይናቸውን ይዞ የሚያቆየው በምን ስልት እንደሆነ ቢነገራቸው «ስልክህን አስቀምጥ» ከሚለው ቁጣ ይልቅ የሚሰሙ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ተማሪውን ሳይሆን መምህሩን የነካው ጥናት ነው። ጄሰን ኦኮኖፉዋና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ አምስት ትምህርት ቤቶች ለሒሳብ መምህራን አጭር የንባብና የጽሑፍ ልምምድ ሰጡ፤ ያጠፋን ተማሪ ከመቅጣት በፊት ነገሩን በእሱ ዓይን ማየትና ከእሱ ጋር ያለውን ግንኙነት መጠበቅ የሚል። በእነዚህ መምህራን የተማሩ ልጆች በዓመቱ ከትምህርት የታገዱበት መጠን ከ9.6 ወደ 4.8 በመቶ ወረደ። ለልጆቹ የተሰጠ አንድም ልዩ ትምህርት አልነበረም። በጅምላ ምክርና በማንበርከክ መካከል የሚዋዥቀው የእኛ ልማድ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት እዚህ ላይ ነው። በታጨቀ ክፍል ድምፁ እስኪዘጋ የሚያስተምር መምህር ግን ራሱ ካልተከበረና ካላረፈ ይህን ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

አቅም የለንም ለሚሉ ጎረቤታችን ኬንያ መልስ አላት። ሻሚሪ በተባለው ፕሮግራም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም ያልራቁ ወጣቶች አጭር ሥልጠና ወስደው፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለአራት ሳምንታት ታዳጊዎችን በትንንሽ ቡድን አወያዩ። ውይይቱ ሰው ሊለወጥና ሊያድግ ስለ መቻሉ፣ ስለ ምስጋናና ልጆቹ ከልብ ስለሚያከብሯቸው ነገሮች ነበር። 413 ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም፣ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች ለማነጻጸሪያ የጥናት ዘዴ ከተማሩት ይልቅ በውይይቱ በተሳተፉት ላይ ቀንሰዋል።

ገርጂ ላይ የዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ የ15 ዓመት ልጅ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ብሎ የሚሰማቸው ወጣቶች ሞልተዋል። በየክፍሉ ሆም ሩም መምህር፣ በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያና ክበባት አሉ። ከክበባት ሰዓት አንዱን ወስዶ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፓቸውን ደንብ ራሳቸው እንዲያወጡ፣ ሲጣስም ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ ተራ በተራ እንዲለማመዱ ማድረግ በጀት አይጠይቅም። መሥራቱን ለማወቅም የድብድብን፣ የመቅረትንና «ወላጅ ይዛችሁ ኑ» የተባሉ ልጆችን ቁጥር በጥቅምትና በሰኔ ማነጻጸር ይቻላል። እነዚህን ቁጥሮች መዝግቦ የሚይዝ አንድ ደብተር ለዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይበቃል።