ድምፅን ከቪዲዮ መለየት

የአንድ ሰዓት ስብከት ወይም የታሪክ ትምህርት በቪዲዮ ሲቀረጽ ከስልካችን ላይ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይወስዳል። አብዛኛው ሰው ግን መኪና እየነዳ ወይም ወጥ እየሠራ ነው የሚሰማው፤ ምስሉን ዞር ብሎም አያየው። ድምፁ ብቻ ወጥቶ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢጨመቅ ያው አንድ ሰዓት ከ29 ሜጋባይት አያልፍም። ለንግግር ይህ በቂ ነው።

ይህን ማድረግ የሚቻለው ኤም ፒ 4 የምንለው የቪዲዮ ፋይል ምስልና ድምፅ የሚቀመጡበት መያዣ ስለሆነ ነው። ምስሉ ለብቻው ተጨምቋል፤ ድምፁም እንዲሁ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የትኛው ድምፅ ከየትኛው ምስል ጋር እንደሚሰማ የሚያመለክት የጊዜ ምልክት ነው። ስለዚህ አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ አያስቸግርም።

የማውጫው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መገልበጥ ነው። በኤም ፒ 4 ውስጥ ያለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ኤ ኤ ሲ በሚባለው ዘዴ የተጨመቀ ስለሆነ፣ ምንም ሳይነካ ኤም 4 ኤ ወደሚባል ፋይል ይዛወራል። በሰከንዶች ያልቃል፤ ከጥራቱም ቅንጣት አይጎድልም። ሁለተኛው ድምፁን ፈትቶ እንደገና ወደ ኤም ፒ 3 መጭመቅ ነው። የቆዩ የመኪና ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ይህንኑ ነው።

ኤም ፒ 3 ጀርመን ውስጥ ኤርላንገን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም የብዙ ዓመት ድካም ያለበት ሥራ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ካርልሃይንስ ብራንደንቡርግ ዘዴያቸውን ሲፈትኑ ሱዛን ቬጋ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የዘፈነችውን ‹‹ቶምስ ዳይነር›› ተጠቅመዋል። ብቻውን የሚሰማ የሰው ድምፅ ጉድለትን አይደብቅም፤ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ክፉኛ ተበላሽቶባቸው ነበር። የፋይሉ መጠሪያ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የመጭመቁ ምሥጢር ያለው በጆሯችን ላይ ነው፦ ጎላ ያለ ድምፅ በዚያው ቅጽበት ያለውን ደካማ ድምፅ ይሸፍነዋል፣ በተለይ ሁለቱ በቅጥነትና በውፍረት ሲቀራረቡ። የማይሰማውን ለመመዝገብ ቦታ አይባክንም። በሲዲ ላይ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት የሚፈልግ ሙዚቃ በ128 ኪሎቢት የሚደመጠው፣ ማለትም ወደ አንድ አሥራ አንደኛ የሚወርደው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

የተጣለው ግን አይመለስም። ደካማ ድምፅ ያለውን ቪዲዮ ‹‹320 ኪሎቢት›› ብሎ ወደ ኤም ፒ 3 መቀየር ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ጥራት አይጨምርለትም። አንድ ቅጂ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እየተፈታ በተጨመቀ ቁጥር ይሳሳል። የአያቶች ትረካና የሰርግ ዘፈን እንዲህ ሆኖ ሲደርሰኝ በጣም ይቆጨኛል፤ ሁለተኛ ሊቀረጽ የማይችል ነገር ነውና።

መሣሪያው በነፃ ይገኛል። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ሁለቱንም መንገድ ይሠራል፤ ትእዛዙን በጽሑፍ መስጠት ግን ያስፈልጋል። በዚህ የሚቸገር ሰው ቪ ኤል ሲን ይጫን፤ በምናሌው ውስጥ መቀየሪያ አለው። ሁለቱም የሚሠሩት በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የቤተሰብን ቅጂ ወደማናውቀው ድረ ገጽ መላክ አይኖርብንም።

እንግዲህ ለመኪና የሚሆን ስብከት ከሆነ በኤም ፒ 3 ጨምቃችሁ ስሙት። የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን ድምፅ ግን ገልብጡት እንጂ አትጭመቁት፤ ዋናውን ቪዲዮም አታጥፉ።