የምጣዱ ሽቦ ሲያጥር ለምን ይብስ ይግላል?

እናቴ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው ተበጥሶ አንድ ጠጋኝ መጣ። ምጣዱን ገልብጦ ከፈተው፤ የተቃጠለውን የሬዚስታንስ ጫፍ ቆርጦ ጣለ፤ የቀረውን ሳብ ሳብ አድርጎ አገናኘውና ሄደ። በማግስቱ እማዬ በደስታ ደወለች፦ «ከበፊቱ በለጠ እኮ! ቶሎ ይግላል፣ እንጀራው ዓይኑ ያምራል።» ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሶኬቱ መሽተት ጀመረ፤ ሽቦውም እንደገና ተበጠሰ።

ሽቦ ተቆርጦለት ምጣድ እንዴት ይበረታል? ብዙ ሰው ሬዚስታንስ ሙቀት የሚሰጥ ነገር ስለሆነ ሲበዛ ሙቀቱም የሚበዛ ይመስለዋል። ለዚህ ስህተት ቃሉም አስተዋጽኦ አለው። በገበያችን ሬዚስታንስ ማለት ሸክላው ሥር የተጠመዘዘው ሽቦ ራሱ ነው። በፊዚክስ ግን ልክ ነው፤ ሽቦው ከረንት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚያግድ የሚነግረን፣ በኦም የሚለካ። ኦም የሚለው መለኪያ ስሙን ያገኘው በ1827 የቮልትንና የከረንትን ግንኙነት በመጽሐፍ ካሳተመው ጀርመናዊ ጌኦርግ ኦም ነው።

ስሌቱ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ስናካፍል ኦም ይወጣል፤ ቮልቱን በአምፔሩ ስናባዛ ዋት። ምጣዱ በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚወስድ ከሆነ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ኃይሉ 3520 ዋት ነው። አሁን ከሽቦው አንድ አሥረኛውን ቆርጠን እንጣል። ኦሙ ወደ 12.4 ይወርዳል። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ግን አልተለወጠም፤ ስለዚህ የሚያግደው ያነሰ ከረንት ወደ 17.8 አምፔር ይወጣል፣ ኃይሉም 3900 ዋት ያልፋል። ምጣዱ የበረታው ለዚህ ነው። ጭማሪውን ቆጣሪው ይቆጥረዋል፤ ለ16 አምፔር የተሠራ ሶኬትም ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ከሁሉ የሚጎዳው ሽቦው ነው፦ ያጠረው ሽቦ የበዛውን ሙቀት ስለሚሸከም እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ከበፊቱ 23 በመቶ ያህል ይበልጣል። መሳቡ ጥምዝምዙን ያላላል እንጂ የተጣለውን ሽቦ አይመልስም።

ታዲያ «ሬዚስታንስ ሲበዛ ሙቀት ይበዛል» የሚለው ፈጽሞ ሐሰት ነው? አይደለም፤ እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ያ ቦታ ደግሞ የሚያስፈራው ነው። የሶኬቱ እግር ላልቶ ወይም ጠቁሮ መገናኛው ላይ ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። ምጣዱና መገናኛው በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ያው ከረንት በሁለቱም ያልፋል፤ 15.4 አምፔር ያህል። ዋቱን ለማግኘት አምፔሩን በራሱ፣ ከዚያ በኦሙ እናባዛለን፦ 119 ዋት። ጣት በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ ከ100 ዋት አምፖል የበለጠ ሙቀት ማለት ነው። በመገናኛው ላይ ኦሙ ሲጨምር ሙቀቱም የሚጨምረው፣ ከረንቱን የሚወስነው ትልቁ የምጣድ ሽቦ እንጂ መገናኛው ስላልሆነ ነው። እንግዲህ ሬዚስታንስ በዛ ወይም አነሰ ከማለት በፊት የሚጠየቀው፣ ሳይለወጥ የቆየው ቮልቱ ነው ወይስ አምፔሩ የሚል ነው።

ማታ መብራት ሲደክም ደግሞ ሌላ አለመግባባት ይመጣል። ቮልቱ በአምስት አንድ ቀንሶ 176 ቢሆን፣ ሙቀቱም በአምስት አንድ የሚቀንስ ይመስላል። ግን ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩንም ይዞት ይወርዳል፤ 176 ለ13.75 ሲካፈል 12.8 አምፔር፣ ሁለቱ ሲባዙ 2253 ዋት ብቻ። ከሙቀቱ ከሲሶ በላይ ጠፋ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ሊጡ የሚወቀስባት ጋጋሪ ስንት ጊዜ ያለ ጥፋቷ እንደተነቀፈች ሳስብ ያሳዝነኛል። የፍሪጅ ሞተር ግን እንዲህ አይደለም፤ ቮልቱ ሲወርድ ሸክሙን ለመግፋት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ወይም መነሳት አቅቶት ይግላል። ስለዚህ ያኔ ፍሪጁን መንቀል ተገቢ ነው።

ስለ ስልክ ቻርጀርም አንድ ነገር ልበል። 3 አምፔር የተጻፈበት ቻርጀር 1 አምፔር የሚወስደውን ስልክ ያቃጥላል ይባላል። ቁጥሩ ቻርጀሩ መስጠት የሚችለው መጠን ነው፤ ስንት እንደሚወስድ የሚወስነው ስልኩ ነው። መመሳሰል ያለበት ቮልቱ ነው።

መለካት ለሚፈልግ ደግሞ፦ ኦም የሚለካው ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ብቻ ነው። በምጣድ ላይ የሚገኘው ቁጥር ለስሌት ይሆናል፤ የምጣድ ሽቦ ሲግል ኦሙ ብዙም አይለወጥም። የድሮው አምፖል ግን ያታልላል። በ220 ቮልት የሚበራ ባለ 100 ዋት አምፖል በርቶ ሳለ 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ቢለካ ከዚያ አንድ አሥረኛውን እንኳ ላያሳይ ይችላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የአምፖሉ ክር ሲግልና ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

የእማዬን ምጣድ ነቅለን ስንለካው 12 ኦም ሆኖ ተገኘ፤ ከ18 አምፔር በላይ ሲስብ ነበር። አሮጌውን ሽቦ ጥለን ሙሉ አዲስ አስገባን፤ የጠቆረውን ሶኬትም ቀየርን። አሁን 14 ኦም ነው። ቀጣዩ ጠጋኝ እንዲያየው ቁጥሩን ከምጣዱ ሥር በማርከር ጻፍኩት።