ከሕዋ የሚመጣው ብረት እንዴት ይለካል?

እኛ የፎገራ ሰዎች ሩዝ ስናዘራ ነፋሱ ገለባውን አርቆ ይወስደዋል፤ ፍሬው ግን እምብዛም አይርቅም። ከሕዋ የሚወረወሩ የአቶም አስኳሎችን ጉልበት ለመለካትም ይህን የመሰለ ዘዴ አለ፤ ነፋሱ ማግኔት ነው።

ወረታ ላይ ቆመን ከባዶቹን አስኳሎች አንይዛቸውም፤ አየሩ ከላይ ይሰባብራቸዋል። ስለዚህ ኤ.ኤም.ኤስ. የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ተገጠመ፤ ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስኳሉ በማግኔቱ መካከል ሲያልፍ መንገዱ ምን ያህል እንደጎበጠ ይመዘግባል። ጥቂት የጎበጠው ጉልበታም ነው።

ይህ ብቻውን ግን ያሳስታል። ብረት 26 ፕሮቶን ስላለው ማግኔቱ በእኩል ፍጥነት ከሚጓዝ ነጠላ ፕሮቶን 26 እጥፍ ይገፋዋል። እንግዲያው አስቀድሞ ማንነቱ ይለያል፦ በመሣሪያው ስስ ንጣፎች ሲያልፍ የሚተወው ምልክት 26 በ26 ተባዝቶ 676 እጥፍ ይሆናል። የብረቱ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ስምንት ዓመት ተኩል ያህል ሲለቅሙ ከርመው!