ደጋግሞ ማንበብ ወይስ መጽሐፉን ዘግቶ ማስታወስ? ከፈተና በፊት የሚበጀው ክለሳ

የሰኔ ዝናብ ሲቃረብ በገጠር ሞፈርና ቀንበር ይሰናዳል፤ በከተሞች የኪራይ ክፍሎች ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መብራት እስከ እኩለ ሌሊት ሳይጠፋ ይቆያል። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ቀዬ ርቀው፣ ስንቅ ከቤት እየተላከላቸው የሚማሩ ናቸው። የዓመታት ድካማቸውና የቤተሰባቸው ወጪ በጥቂት ቀናት ፈተና ይመዘናል።

ፈተናው ቀላል እንዳልሆነ ያለፉት ዓመታት ውጤቶች ይመሰክራሉ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር በ2016 ዓ.ም ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጤቱ ማነስ የመጻሕፍት እጥረት፣ የትምህርት መቆራረጥና ሌሎችም በርካታ ምክንያቶች ይኖራሉ። እነዚህን ተማሪው ብቻውን ሊፈታቸው አይችልም። የቀረውን ጊዜ የሚያጠናበት መንገድ ግን በእጁ ነው።

አእምሮ የተማረውን እንዴት እንደሚረሳ በሙከራ ካጠኑት መካከል ቀዳሚው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየሸመደደ ራሱን በመፈተን የደረሰበትን ውጤት በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከሸመደደው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ ሰዓት ጊዜ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ይጠፋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። ትርጉሙ የገባን ትምህርት ከዚህ የተሻለ ይቆያል፤ ሆኖም ካልተከለሰ እርሱም መደብዘዙ አይቀርም። ስለዚህ ተማሪ የረሳው ሰነፍ ስለሆነ ነው ማለት አይደለም፤ መርሳት የአእምሮ ተፈጥሯዊ ጠባይ ነው።

አብዛኛው ተማሪ መርሳትን የሚከላከለው ምዕራፉን ደጋግሞ በማንበብና ዐረፍተ ነገሮችን በቀለም በማስመር ነው። ይህ መንገድ አንድ አሳሳች ጠባይ አለው። ገጹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ዓይን ይለምደዋል፤ የተለመደው ነገር ሁሉ የታወቀ ይመስላል። በፈተና አዳራሽ ግን ገጹ የለም፤ ያለው ጥያቄው ብቻ ነው።

በአሜሪካ በሚገኘው የሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንን በግልጽ ያሳያል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ አንዳንዶቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በጥቂቱ በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታወሱ። በ2013 እ.ኤ.አ. አሥር የአጠናን ዘዴዎችን የመዘኑ የሥነ ልቦና ምሁራንም ራስን መፈተንንና ጥናትን በጊዜ ከፋፍሎ ማካሄድን ከሁሉ የላቀ ጥቅም ያላቸው ብለው ሲመድቡ፣ ደግሞ ማንበብንና ማስመርን ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል።

ዘዴውን ተግባራዊ ለማድረግ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ተማሪው አንድ ንዑስ ርዕስ ካነበበ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይጽፋል። ከዚያም መጽሐፉን ገልጦ የጎደለውንና የተሳሳተውን በሌላ ቀለም ያርማል። ቀጣዩ ክለሳ የሚጀምረው ከታረመው ነው። የደብተርን ገጽ ቁመቱን ለሁለት አጥፎ በአንዱ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው በኩል መልስ መጻፍም ይቻላል፤ መልሱ ተሸፍኖ ጥያቄው ይመለሳል። መልሱ ወዲያው አልመጣ ሲል ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ለማስታወስ መታገሉ ራሱ ትምህርቱን የሚያጠነክር ነውና።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጊዜን ማከፋፈል ነው። ይህንን ከአርሶ አደር በላይ የሚያውቀው የለም። የጤፍ ማሳ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ተደጋግሞ ታርሶ አይዘራበትም፤ ተገምሶ ይቆያል፣ ከቀናት በኋላ ይደገማል፣ ቆይቶም ይሠለሳል። ክለሳም እንዲሁ ነው። አንድን ምዕራፍ በአንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ከማጥናት አምስቱን ሰዓት በተለያዩ ቀናት ማከፋፈል ይሻላል። ለምሳሌ ሰኞ የተጠና ምዕራፍ ማክሰኞ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ፣ በመጨረሻም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊከለስ ይችላል።

ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የካርድ አሠራር ለዚህ ይረዳል። ጥያቄዎች በትንንሽ ወረቀቶች ላይ ይጻፋሉ፤ ሦስት ባዶ ካርቶኖችም ይዘጋጃሉ። በመጀመሪያው ካርቶን ያሉት በየቀኑ፣ በሁለተኛው ያሉት በየሦስት ቀኑ፣ በሦስተኛው ያሉት በየሳምንቱ ይጠየቃሉ። በትክክል የተመለሰ ጥያቄ ወደሚቀጥለው ካርቶን ያልፋል፤ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ መንገድ የተማሪው ጊዜ ባልያዘው ነገር ላይ ይውላል።

በሒሳብና በፊዚክስ ደግሞ ጥያቄዎችን ማቀላቀል ይበጃል። አንድ ዓይነት ሃያ ጥያቄ በተከታታይ የሚሠራ ተማሪ የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ሳያስብ እጁ ብቻ ይሄዳል። ሮረርና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተለያዩ ቅርጾችን ይዘት ለማስላት ጥያቄዎችን አቀላቅለው የተለማመዱ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 63 በመቶ ሲያገኙ፣ በየዓይነቱ ለይተው የተለማመዱት ያገኙት 20 በመቶ ነበር። ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች የሚጠቅሙትም ለዚሁ ነው፤ ርዕሳቸው የተቀላቀለ ነውና። ይሁን እንጂ የመልሱን ፊደል መሸምደድ ፋይዳ የለውም። ትክክለኛው ምርጫ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ማስረዳት መቻል ያስፈልጋል።

ያልገባ ነገር በክለሳ አይጸናም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ቃሉን እንጂ ሐሳቡን ያልያዙ ተማሪዎች አሉ። ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለታናሽ ወንድም ወይም ለጓደኛ ማስረዳት፣ ቀጥሎም የእንግሊዝኛ ቃላቱን በቦታቸው መተካት ጥሩ ልምምድ ነው። አስረጂው የተደናቀፈበት ቦታ ያልገባውን ይጠቁመዋል።

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶች የቃል ትምህርት ያለ መጽሐፍ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽላል። ቁርኣን በሚሐፈዝባቸው መድረሳዎችም ደረሳው የያዘውን በቃሉ ለኡስታዙ ያሰማል፤ ወደ አዲሱ ሲሻገርም የቀደመውን መከለሱን አያቋርጥም። ያጠኑትን ሳያዩ ማሰማትና በየጊዜው መከለስ በሁለቱም ዘንድ የኖረ ሥርዓት ነው።

እንቅልፍ ከጥናት ጊዜ የተሰረቀ ተደርጎ መታየት የለበትም። አእምሮ ቀን የተቀበለውን የሚያደራጀውና የሚያጸናው በአመዛኙ በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በጫትና በቡና ኃይል ሲያነጉ ማደር የተነበቡትን ገጾች ቁጥር ያበዛ ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ትኩረትን ያሳጣል፣ የተጠናውንም ያሳሳል። በተለይ በፈተናው ዋዜማ አዲስ ምዕራፍ ከመጀመር ይልቅ የታረሙ ወረቀቶችን አይቶ በጊዜ መተኛት የተሻለ ነው።

በዚህ ሂደት የወላጅ ድርሻም ቀላል አይደለም። የፈተናው ሰሞን ከእርሻ ሥራ ጋር ቢገጣጠምም በቀን ሁለት ሰዓት ከሥራ ነጻ ማድረግ ለልጁ ትልቅ ስጦታ ነው። ሴት ልጆች ውኃ ከመቅዳትና ከማዕድ ቤት ሥራ ፋታ የሚያገኙት ቤተሰቡ ሥራውን ሲከፋፈል ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ቢሆን ማገዝ ይችላል፤ ማታ እሳት ዳር ልጁን «ዛሬ የተማርኸውን እስቲ ንገረኝ» ብሎ ማዳመጥ ራሱ ክለሳ ነው። ልጁ መጽሐፉን ሳያይ ተናግሮ ከጨረሰ ትምህርቱ ይዞታል፤ ከተደናቀፈም ነገ ደግሞ የሚከልሰውን አውቋል።